አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ፎርማት ከመደረጉ በፊት ራሙ ይፈተሽ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
አዲስ አበባ

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ከሰሞኑ አንድ አንባቢ፣ አስገጣጥሞ ከገዛው ወር ያልሞላው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሥራ መሐል ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ እንደሚጠፋበት ጽፎ፣ ቫይረስ እንዲያስፈትሽ፣ ካልሆነም ፎርማት አስደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ እንዲያስጭን ተመክሯል። ምክሩ ዓመታት ላገለገለ ኮምፒውተር የሚነቀፍ አይደለም። ገና ከመገጣጠሙ እንዲህ ለሚያደርግ ግን የምርመራውን ቅደም ተከተል የገለበጠ ነው። በጥገና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በእንዲህ ያለው ዕቃ ላይ አስቀድመን የምንጠረጥረው ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚያስቀምጥበትን ክፍል፣ ወይም ራሙ የተገጠመበትንና የተስተካከለበትን ሁኔታ ነው።

የራም ችግር አስቸጋሪ የሚሆነው በራሱ መልክ ስለማይታይ ነው። ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ኮምፒውተሩ ጭራሹን አይነሣም፤ ማንም ሰው ያውቀዋል። ራም ግን ኮምፒውተሩ የሚሠራው ነገር ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ በመሆኑ፣ በቢሊዮን ከሚቆጠሩት ሕዋሶቹ ጥቂቶቹ የተቀመጠባቸውን መረጃ በትክክል መመለስ ሲያቅታቸው፣ ዛሬ ብራውዘሩ በድንገት ይዘጋል፣ ነገ ዚፕ የተደረገ ፋይል አልፈታም ይላል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ትናንት የሠራ ፕሮግራም አልከፈትም ይላል። ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣም የሚያሳየው ጽሑፍ አንድ ጊዜ «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ ሌላ ጊዜ «ፔጅ ፎልት»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፈጽሞ የማይገናኝ ነገር ነው። ይህ የጽሑፍ መለዋወጥ ራሱ ዋና ፍንጭ ነው፤ የዊንዶውስ ወይም የአንድ ድራይቨር (ዕቃን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ችግር ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይነት መልእክት ይመላለሳል።

ከሁሉ የከፋው ግን ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ የሚሠራው ጥፋት ነው። ራሙ ውስጥ የተዛባው መረጃ ተመልሶ ዲስኩ ላይ ሲጻፍ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለም። የሒሳብ ሠራተኛው ፋይሉን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ፋይሉ መበላሸቱን የሚያውቀው ሊከፍተው በሚፈልግበት ቀን ነው። በዚህ ላይ ፎርማት ማድረግ ምን እንደሚጨምር እናስብ፤ የአዲሱ ዊንዶውስ ፋይሎች ከፍላሹ ወደ ዲስኩ የሚተላለፉት በዚያው በታመመው ራም በኩል ስለሆነ፣ አዲሱ ዊንዶውስ ገና ሲጫን ጀምሮ የተበላሸ ፋይል ሊይዝ ይችላል። ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት ምንጣፍ እንደ መለወጥ ነው።

ወደ ጥገና ቤት ከሚመጡት መካከል አንዱን በምሳሌነት ላቅርብ። ባለቤቱ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነው። ኮምፒውተሩ ዳር እስከ ዳር የመስታወት መከለያ ያለው፣ ውስጡ አራት ፍሬ ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 (አራተኛው ትውልድ) ራም በልዩ ልዩ ቀለም መብራት የሚያሸበርቅበት፣ ዓይን የሚስብ ዕቃ ነበር። ቪዲዮውን ቆርጦ ቀጥሎ ኤክስፖርት ሲያደርግ መሐል ላይ ይቆምበታል። የሸጠለት ቤት ደጋግሞ ፎርማት አድርጎ መልሶለታል፤ በመጨረሻም ችግሩ ከሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው ብሎ አሰናብቶታል። ራሞቹን አውጥተን ጀርባቸው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ስናነብ፣ ሁለቱ ከአንድ ጥንድ፣ ሁለቱ ከሌላ ጥንድ የመጡ መሆናቸው ታየ፤ የፋብሪካው ስም አንድ ነው፣ የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ፊደላት ግን ይለያያሉ። ባዮሱ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚገኘው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ፣ ስንገባ ደግሞ ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነው ኤክስኤምፒ የሚባለው ማስተካከያ በርቶ ፍጥነቱ 3600 ላይ ተቀምጧል። ኤክስኤምፒውን አጥፍተን በመደበኛው ፍጥነት በራም መፈተሻ ፕሮግራም ስንፈትነው አንድም ስህተት አልታየም። መልሰን ስናበራው የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ ስክሪኑ ስህተትን በሚያሳይ ቀይ መስመር ተሞላ። ከራሞቹ አንድም የተበላሸ አልነበረም፤ አብረው በዚያ ፍጥነት መሥራት ያልቻሉ ነበሩ እንጂ።

ኤክስኤምፒ ኢንቴል ያወጣው ነው፤ በኤኤምዲ በኩል ለዲዲአር5 የወጣው ኤክስፖ ይባላል። ራም ከፋብሪካ ሲወጣ በማንኛውም ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍሎች በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ እንዲሠራ የሚያደርገው ዝቅተኛ መደበኛ ፍጥነት አለው፤ ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው 3600 ወይም 6000 ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ መደበኛው ሳይሆን፣ ባዮስ ውስጥ ገብተው ሲያበሩት ብቻ የሚገኘው ነው። ሲበራም ፍጥነቱ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፤ የዲዲአር4 መደበኛ ቮልቴጅ 1.2 ሆኖ ሳለ በኤክስኤምፒ ብዙውን ጊዜ 1.35 ይደርሳል። ይህ ከመደበኛው በላይ ማሠራት በመሆኑ ፕሮሰሰሩም ማዘርቦርዱም ሊሸከሙት ይገባል። የራም መቆጣጠሪያው ዛሬ የሚገኘው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ የራሙ ፍሬ በበዛ ቁጥርም ጫናው ይበዛበታል። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮቹ በይፋ የሚሰጠው ፍጥነት ሁለት ፍሬ ራም ሲገጠም 5200፣ አራት ፍሬ ሲገጠም ግን 3600 መሆኑን ያየ ሰው፣ አራቱንም ቦታ በመብራት መሙላት ጥቅሙ ለዓይን ብቻ መሆኑን ይረዳል። 32 ጊጋባይት የሚፈልግ ሰው በአንድ ማሸጊያ አብረው የመጡ ሁለት ባለ 16 ቢገዛ ይሻለዋል።

በዚህ ረገድ ሻጮችን ብቻ መውቀስ አይገባም። ደንበኛው ራሱ ቤቱ ገብቶ «ታስክ ማናጀር» ላይ መደበኛውን ፍጥነት፣ 2133 የሚል ቁጥር ሲያይ ተታለልኩ ብሎ ይመለሳል፤ ሻጩም ይህን ጭቅጭቅ ለማስቀረት ኤክስኤምፒውን አብርቶ፣ ቁጥሩን አሳይቶ፣ ሳይፈትን ያስረክባል።

ፈተናው ከባድ ሙያ አይጠይቅም። ሜምቴስት86 የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ወርዶ ፍላሽ ላይ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሣና ራሙን በተለያየ መንገድ እየጻፈ መልሶ ያነበዋል። ዊንዶውስ ራሱም «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» የሚል መፈተሻ አለው፤ ለችኮላ ይጠቅማል፣ ነገር ግን እርሱ ምንም አላገኘሁም ስላለ ብቻ ራሙን ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ሜምቴስት86 ነጻው እትም እስከ አራት ዙር ይሄዳል፤ ራሙ ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ስለሚፈጅ ማታ አስነሥቶ ማደር የተሻለ ነው። እዚህ ላይ «ጥቂት ስህተት» የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ስህተት ከታየ ራሙ ወይም አቀማመጡ ችግር አለበት ማለት ነው።

ስህተት ከታየ መጀመሪያ ኤክስኤምፒውን ወይም ኤክስፖውን አጥፍቶ መድገም ያስፈልጋል። በመደበኛው ፍጥነትም ስህተቱ ከቀጠለ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ገመዱም ተነቅሎ፣ አንድ ፍሬ ብቻ ይቀራል፤ የሚገጠመውም በብዙዎቹ ባለ አራት ስሎት (የራም መሰኪያ) ማዘርቦርዶች ላይ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ስሎት ላይ ነው። ከዚያ በዚያው ስሎት ላይ ራሞቹን እያፈራረቁ መፈተን ነው። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ይለወጣል። የትኛውም ራም ቢገባ ስህተቱ ከአንድ ስሎት ጋር የሚቀር ከሆነ ግን ጥፋቱ የራሙ አይደለም፤ ስሎቱ፣ ማዘርቦርዱ ወይም የፕሮሰሰሩ አቀማመጥ መታየት አለበት። ፕሮሰሰሩ በሚቀመጥበት ሶኬት ውስጥ ካሉት ቀጫጭን እግሮች አንዱ ቢታጠፍ፣ ወይም ማቀዝቀዣው በአንድ ጎኑ ከልክ በላይ ቢጠብቅ፣ ከተገጠመው ራም ግማሹ የማይታይበት ጊዜ አለ። ይህን ብዙ ገጣጣሚ አይጠረጥረውም።

ብዙ ቤቶች በዚህ ፈንታ የሚያደርጉት የራሙን ወርቃማ ጠርዝ በላጲስ ማሸት ነው። ዓመታት በአቧራ ውስጥ የኖረ ኮምፒውተር ላይ ይህ ብልሃት ይሠራል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ትናንት ከማሸጊያው የወጣ ራም ላይ ግን የሚነሣ ዝገት የለም፤ ይልቁንም የላጲሱ ፍርፋሪ ስሎት ውስጥ ይቀራል። አዲስ ራም ላይ መታየት ያለበት በትክክል መግባቱ ነው። በብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ራሙን የሚቆልፈው መያዣ በአንድ በኩል ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ በኩል «ቀጭ» ሲል ሰምቶ የሚተው ሰው ሌላው ጫፍ ብድግ ብሎ መቅረቱን አያስተውልም። መብራት አብርቶ ሁለቱንም ጫፍ ከጎን ማየት ይበቃል።

ዲዲአር5 የገዙ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ አለባቸው። ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ከራሙ ጋር ራሱን የሚያስተካክልበት ጊዜ ስለሚወስድ፣ በተለይ አዲሶቹ የኤኤምዲ ማዘርቦርዶች ላይ፣ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ማዘርቦርዱ ላይ «ዲራም» የሚለው ትንሽ መብራት በርቶ ይቆያል። ተበላሸ ብሎ ማጥፋት ሥራውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። በእኛ አገር ይህ ሁሉ መብራት ሄዶ ሲመጣ እየተቋረጠ ሊደጋገም ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ማስነሣት መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል በሚሰጥ ዩፒኤስ ላይ ቢደረግ ይመረጣል።

ከሻጮች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኮምፒውተሩን በሚያስረክቡበት አኳኋን፣ ኤክስኤምፒው እንዲበራ ከተፈለገም እንደ በራ፣ ሌሊቱን ፈትነው ውጤቱን ለገዢው ያሳዩት። ገዢውም ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ ያንሣው፤ በዋስትናው ጊዜ ክርክር ቢነሣ ይህ ፎቶ ብዙ ንግግር ያሳጥራል። ኪንግስተንና ኮርሴርን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ለብዙዎቹ ራሞቻቸው የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ከዱባይ በሰው ሻንጣ የገባ ራም የገዛ ደንበኛ ግን ፋብሪካውን የሚያገኝበት መንገድ ስለሌለው እጁ ላይ ያለው ዋስትና የሻጩ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «ራም 32 ጊጋባይት» ተብሎ እንዳይታለፍ፤ የፍሬው ብዛት፣ የእያንዳንዱ ሞዴል ቁጥርና ሴሪያል ቁጥር፣ ዋስትናው የሚያበቃበትም ቀን ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ