የሐበሻ ስደተኞች በታሪካዊ ልቦለድ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እዚህ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሆነን በምንሰበሰብበት የንባብ ማኅበር ሲያከራክረን ስለሰነበተ ጉዳይ፣ ማለትም በእስልምና መባቻ የነበሩ ሰዎች በታሪካዊ ልቦለድ ውስጥ እንዴት እንደሚቀረጹ፣ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎን ለጎን ያስቀመጥናቸው ሁለት ደራሲዎችን ነው። ቤይሩት ተወልዶ ካይሮ የኖረውና በ1892 አል ሂላል የተባለውን መጽሔት የመሠረተው ጁርጂ ዘይዳን፣ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ የእስልምናን ታሪክ በልቦለድ ለብዙ አንባቢ ማድረሱ ያስመሰግነዋል፤ ሆኖም ታሪኩን በፍቅር ጉዳይ ላይ ማንጠልጠል ይወዳል። የግብፅን መያዝ በተረከበት ልቦለዱ ዐምር ኢብን አል ዓስ ጦሩን እየመራ ቢመጣም፣ አንባቢው በጉጉት የሚከታተለው የአገረ ገዢው ልጅ አርማኑሳና የሮማዊው አዛዥ ልጅ አርካዲዮስ መገናኘት አለመገናኘታቸውን ነው። ይኸው ዐምር ግን ከዓመታት በፊት የመካ ገዢ ጎሣ የነበሩት የቁረይሾች መልእክተኛ ሆኖ፣ የቆዳ ገጸ በረከት ይዞ፣ ከመካ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ለማስመለስ በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ፊት ቆሞ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነው። የዚህን ሰው የልብ ጉዞ መከተል የልቦለድ ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ።

አልጄሪያዊቷ አሲያ ጀባር በ1991 ባሳተመችው የፈረንሳይኛ ልቦለድ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። የኢብን ሂሻምን፣ የኢብን ሰዕድንና የጠበሪን ዜና መዋዕሎች ይዛ፣ እነርሱ በአንድ መስመር ያለፏቸውን የመዲና ሴቶች በየተራ ታናግራለች። ለእኔ የምትበልጠው እርሷ ናት፤ ፈጠራዋ ታሪኩ ዝም ባለበት ይገባል እንጂ ታሪኩን አይሸፍነውም። ሰፊ ቦታ ከሰጠቻቸው ሴቶች አንዷም ከእነዚሁ ስደተኞች መካከል የነበሩት የጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ባለቤት አስማ ቢንት ኡመይስ ናቸው።

አስማ ከአሥር ዓመት በላይ በአገራችን በስደት ኖረዋል፤ ልጃቸውን አብደላህንም የወለዱት እዚሁ ነው። በ628 ወደ መዲና ከሄዱ በኋላ የሆነውን የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ መዝግቦታል። የነቢዩ ባልደረባ ዑመር በልጃቸው በሐፍሳ ቤት ሲያገኟቸው፣ «ይህች ሐበሻዊቷ ናት? ይህች የባሕሯ ናት?» ብለው፣ ወደ መዲና በስደት ስለቀደምናችሁ ለነቢዩ እኛ እንቀርባለን አሏቸው። አስማም ተቆጥተው፣ እኛ በሩቅ አገር ስንፈራና ስንንገላታ እናንተ ከነቢዩ ጋር ነበራችሁ ብለው መለሱ፤ ነገሩን ለነቢዩ ሳይነግሩም እህል ውኃ ላይቀምሱ ማሉ። ነቢዩም ለዑመርና ለባልደረቦቹ አንድ ስደት፣ ከሐበሻ በመርከብ ለመጡት ሰዎች ግን ሁለት ስደት እንዳላቸው ፈረዱ። ከዚህ የበለጠ ለልቦለድ የተመቸ ትዕይንት አላውቅም።

በማኅበራችን ያሉ ሙስሊም ወዳጆቼ ነቢዩን ገጸ ባሕርይ ማድረግ እንደማይገባ አጥብቀው ያሳስባሉ፤ ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ የአስማን የስደት ዓመታት፣ ቤት አያያዛቸውን፣ ከጎረቤት ጋር በምን ቋንቋ እንደተግባቡ ለመጻፍ ያ አያስፈልግም። ነቢዩን በሕፃንነታቸው ያሳደጉት ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመንም እንዲሁ ደራሲ ይጠብቃሉ።

ስለዚህ የጥበብ ዓምዳችሁ ዐረብኛውን ከምንጩ የሚያነቡ ዑለማዎችንና ልቦለድ ጸሐፊዎቻችንን በአንድ ገጽ ላይ እንዲያወያይ እጠይቃለሁ፤ ማኅበራችንም ያነበባቸውን ይዞ ለመሳተፍ ዝግጁ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ከባሕር ዳር