ለልጄ ለኤትየን፦ የስምህ ነገር

ውድ ልጄ ኤትየን፣ እንደምን ከርመሃል?

«እህቴን ሕሊና ብላችሁ እኔን ለምን የፈረንጅ ስም ሰጣችሁኝ?» ላልከኝ መልሱ በስልክ የሚያልቅ አልመሰለኝም። ከፈረንሳይ ልጆች እንድትመሳሰል ብለን አይደለም። ስምህ የአያትህ ስም ነው። ኤትየን ማለት እስጢፋኖስ ነው።

ምንጩ ግሪክ ነው፤ ስቴፋኖስ፣ አክሊል ማለት ነው። በውድድር ያሸነፈ ሰው ራስ ላይ የሚደፉት የቅጠል ጉንጉን ነበር። በላቲን ስቴፋኑስ ተባለ። የጥንት ፈረንሳዮች በ«ስት» የሚጀምር ቃል አፋቸው ላይ ስለከበዳቸው ከፊቱ «ኤ» ጨምረው ኤስትየን አሉት። እኛስ ስታዲየምን እስታዲየም እንል የለ? የአያትህ ስም መነሻ ላይ ያለችው «እ»ም እንዲሁ የገባች ናት። ኋላ «ስ»ዋ ከፈረንሳዮቹ አፍ ጠፋች። እስቲ መታወቂያህን አውጣና እይ፤ በመጀመሪያዋ ፊደል አናት ላይ ያለችው ጭረት የእሷ ምትክ ናት። ኤኮል (ትምህርት ቤት) እና ኤትዋልም (ኮከብ) ድሮ «ስ» ነበራቸው። የድሮው አጻጻፍ በቤተሰብ ስም ላይ ተርፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1551 አዲስ ኪዳንን በቁጥር ከፋፍሎ ያሳተመው የፓሪሱ ሰው ሮቤር ኤትየን ስሙ ባለ «ስ» ነው። ስቴፋን የሚባለው ጓደኛህም ሞክሼህ ነው።

አክሊል መባሉ ለእኔ የገባኝ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7ን ሳነብ ነው። ዲያቆኑ እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወግሩት ለወጋሪዎቹ ምሕረት እየለመነ ሞተ፤ ስለ ክርስቶስ ለመሞት የመጀመሪያው በመሆኑም ቀዳሜ ሰማዕት ይባላል። የሜትዝና የቡርዥ ካቴድራሎች በስሙ ናቸው፤ የሴንት ኤትየን ከተማም እንዲሁ። እኛ ጋ ደግሞ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ አዲስ አበባም መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ አያትህ ይሳለሙት የነበረው ደብር አለ።

ታዲያ ለምን በቀጥታ እስጢፋኖስ አላልንህም? የአባቴ ስም በአስተማሪ አፍ ሲሰባበር መስማት አልፈለግሁም። ፈረንሳዩም እኛም ሳንቸገር በየአፋችን የምንጠራህ ስም ነው የመረጥንልህ።

ፈረንሳዮች የእስጢፋኖስን በዓል የሚያከብሩት በገናቸው ማግስት፣ ዲሴምበር 26 ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ዓመት ታኅሣሥ 17 ላይ ይውላል፤ በወር በወሩ 17 ደግሞ የእስጢፋኖስ ቀን ነው! አባቴ ይህን ቢያውቁ ምንኛ ደስ ባላቸው።

ዘንድሮ በዚያ ቀን ቤት ና፤ ድፎ ዳቦ እደፋለሁ። ስቴፋንንም ይዘኸው ና።

እናትህ
ሊዮን