የሚጠጣ ሞርፊን በየጤና ጣቢያው ይግባልን

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለቤቴን ከቀበርኩ ሙት ዓመቱ ገና አልደረሰም። ይህን የምጽፈው አጽናኝ ፈልጌ አይደለም። እግዜር ይስጣቸው፣ ጎረቤቱም ዕድርተኛውም አላጓደሉብኝም። የምጠይቃችሁ ነገር ስላለኝ ነው። ለካንሰር ህመምተኛ ማስታገሻ ተብሎ የሚሰጠው፣ በጠርሙስ የሚመጣው የሚጠጣ ሞርፊን በየሰፈራችን ጤና ጣቢያ ይግባልን።

ለምን እንደምለምን እንዲገባችሁ ስለ እሱ ትንሽ ልንገራችሁ።

ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሱቁ ሁለት ሰው በቅጡ አያስቆምም። ማጉያዋን ዓይኑ ላይ አድርጎ የሰው ሰዓት ሲከፍት ትንፋሹን ይይዛል፤ ያኔ ማንም አያናግረውም። የሟች አባቱን ሰዓት ይዞ የመጣ ሰው ካለማ ዋጋ መጥራት ያፍራል። «የሰጠኸኝን እቀበላለሁ» ይለዋል። ማታ ወደ ቤት የሚመጣው በእግሩ ነው፣ እስከ አራት ኪሎ። መንገድ ላይ ሰላም የማይለው ሰው የለም። ልጆቹ አብረውት መሄድ ይሰለቻቸው ነበር፤ አሁን እነሱም እንደሱ ሆነዋል።

በ2005 ዓ.ም. የፕሮስቴት፣ ማለትም ከወንድ ፊኛ ሥር ያለው ዕጢ፣ ካንሰር ተገኘበት። ሽንቱ ሲያስቸግረው «ዕድሜ ነው» እያለ ከርሞ ነበር። ዘመድ አዝማድ ወሬውን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማልቀስ ጀመረ። እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ በግልጽ ይናገር ነበር። ሱቁ የሚመጡትን እኩዮቹን ሳይመረመሩ አይለቃቸውም። ሁለቱ በሱ ጉትጎታ ሄደው ታይተዋል።

ይህ ካንሰር በብዛት ቴስቶስቴሮን በሚባለው የወንድ ሆርሞን ነው የሚያድገው። ስለዚህ ሆርሞኑን የሚያወርድ መርፌ በየሦስት ወሩ ይወጋ ነበር። መርፌው ውድ ነው፤ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። እንደምንም እያልን ዓመታት አለፉ። ትልቋን ልጃችንን ዳረ። ትንሹን ዩኒቨርሲቲ አስመረቀ። የልጅ ልጅ አቀፈ። ይህን ሁሉ ያደረገው ካንሰር ይዞት ነው፤ ሱቁንም አልዘጋም። ካንሰር ሲባል ወዲያው ድንኳን ለሚታየው ሰው ሁሉ ይህን ብነግረው ደስ ይለኛል።

በኋላ ላይ ወደ አጥንቱ ዘለቀ። ወገቡን ነው የያዘው። ሌሊት ሌሊት ይብስበታል። አንሶላ ሳስተካክል እጄ ከነካው ይጮኻል። በትዳራችን ዘመን ጮኾ ሰምቼው አላውቅም። ፓራሲታሞሉም፣ ዲክሎፌናኩም፣ ትራማዶሉም አላስቆሙለትም። ለአጥንት ህመም አንዴ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ብዙ ሰው ያሳርፋል፤ እሱንም ለወራት አሳርፎታል። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር። አሁን ጅማና ሐረማያም መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ምስጋናዬን ሳልነፍግ አላልፍም።

ህመሙ ሲመለስ ሐኪሙ ሞርፊን ጻፈለት። እኛ ፈራን። ሱስ ይሆንበታል አልን። ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀለት ማለት ነው አልን። አንዲት ነርስ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ህመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በየአራት ሰዓቱ ይጠጣል። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይወሰዳል። በሐኪም ትእዛዝ ለህመም የሚወስድ ሰው ሱሰኛ ይሆናል ብሎ መከልከል ማሰቃየት ነው አለችን። የዚያን ሌሊት ተኛ። ጠዋት ቡና ሳቀርብለት ፉት አለና «ስኳር አነሰው» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ ቡና ማውራቱ ነበር። ሰዓቱን ራሱ ያዘ። ጠረጴዛ ሰዓት ሞልቶ ራስጌው ያስቀምጣል፣ የወሰደበትን በደብተር ይጽፋል።

ጠርሙሱ ሲያልቅ ነው ጉዱ። ሞርፊን በልዩ ማዘዣ ነው የሚወጣው። ቁጥጥሩን አልቃወምም፤ አደገኛ መድኃኒት ነው። ግን ማዘዣ ይዘን ስንሄድ «አልቋል» እንባላለን። አንድ ፋርማሲ ውስጥ ወረቀቱን ያየው ሰው ልጄን እንደ ሌባ ገላመጠው። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ደግሞ ከቤታችን በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። ነርሶቹ ባለቤቴን በስሙ ያውቁታል። «ሞርፊን እኛ ጋ አይመጣም እኮ» ነው መልሳቸው። አንድ ሌሊት ጠርሙሱን በውሃ አለቅልቄ ያንን አጠጣሁት። ምንም እንደማያደርግለት ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሞርፊን አዲስ ግኝት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ነበረ። ኡጋንዳ ውስጥ የሚጠጣውን ከሞርፊን ዱቄትና ከውሃ በጠርሙስ ያዘጋጁታል፣ ለታማሚው በነፃ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዝዙ ሕጋቸው ፈቅዷል። እዚሁ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት እየሄደ ህመምተኛ ይረዳል። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ግን ይህን ሁሉ ከተማ ሊያዳርስ አይችልም።

በየጤና ጣቢያው ባንድ ቀን ይሁን አልልም። በ11ዱም ክፍለ ከተሞች ቢያንስ አንድ አንድ ጤና ጣቢያ ይጀምር። ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን፣ መዝገብ፣ የሠለጠነች አንዲት ነርስ። ሆስፒታል ያለው ሐኪም አንዴ የጀመረውን እሷ እንድታድስ ይፈቀድላት። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ክትባትና ስለ ግፊት ሲጠይቁ «ሌሊት ህመም እንቅልፍ የሚነሳው ሰው አለ ወይ?» ብለውም ይጠይቁ። እኛን ማንም እንደዚያ ብሎ ጠይቆን አያውቅም። ክምችቱ ሲያልቅም ቀድሞ ይነገረን፤ ሰው በህመም እየተንፈራገጠ ከፋርማሲ ፋርማሲ አይዙር።

ከእኛ ግቢ በስተጀርባ የጡት ካንሰር ያለባቸው እናት አሉ። ባለፈው ሳምንት ልጃቸው መጥታ «እትዬ፣ ያንን መድኃኒት ለጋሼ ከየት ነበር የምታመጡላቸው?» አለችኝ። ቆይ ላጠያይቅልሽ አልኳት። መልስ እየጠበቀች ነው፤ የት ብዬ ልላካት?

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአራት ኪሎ ነዋሪ
አዲስ አበባ