ከነዘይቱ የሚሸጥ ትራንስፎርመር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጨረታ ገጻችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። የሥራ ዘመኔ ያለቀው የትራንስፎርመር ዘይት በመመርመር ስለሆነ፣ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው "ያገለገሉ ትራንስፎርመሮች ከነዘይታቸው፣ ባሉበት ሁኔታ" የሚለው ላይ ነው። ገዢው የሚፈልገው መዳቡንና ብረቱን ነው። ስለ ዘይቱ ማንም ምንም አይጽፍም።

በቅርቡ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ወዳወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ደውዬ ዘይቱ የፒሲቢ ምርመራ ተደርጎለት እንደሆነ ጠየቅሁ። ፒሲቢ በአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ሊገኝ የሚችል፣ ክሎሪን ያለበት ሰው ሠራሽ ኬሚካል ነው። ስልኩን ያነሳው ልጅ ትሁት ነው። "እናቴ፣ ይሄ ዘይት እኮ ስንት ዓመት ስንነካካው የኖርን ነው፤ ማንን ገድሎ ያውቃል?" አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእሱ መልስ ነው። ብዙ ሰው ስለ መርዝ የሚያስበው እንደዚሁ ነው፤ የነካው ሰው እዚያው ካልወደቀ መርዝ አይደለም ባይ ነው።

በዚህ መለኪያ ከሄድን ፒሲቢ ነጻ ይወጣል። አይጥን በአንድ ጊዜ ለመግደል ብዙ መጠን ያስፈልጋል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ኬሚካል ሲገመገም መርዛማነቱ ብቻውን የማይታየው። ቶሎ ይፈርሳል ወይ? ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል ወይ? ቶሎ የማይፈርሱ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ለእነዚህ ቁጥር አስቀምጧል። ግማሹ ለመፍረስ በውሃ ውስጥ ከ2 ወር፣ በአፈር ውስጥ ከ6 ወር በላይ ከፈጀ ችግር አለ። ዓሣው ውስጥ ያለው መጠን ዓሣው ከሚኖርበት ውሃ ከ5,000 እጥፍ በላይ ከሆነም እንዲሁ። ፒሲቢ፣ በተለይ ክሎሪኑ የበዛው ዓይነት፣ ሁለቱንም ያሟላል። ስብ ውስጥ ይገባና በቀላሉ አይወጣም። ትንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላዋል፣ ትልቁን ደግሞ ወፍ፤ ኬሚካሉም በየደረጃው እየበረታ ይሄዳል።

ስዊድናዊው ኬሚስት ሶረን የንሰን በ1966 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ልጻፋቸው) ፒሲቢን ያገኘው ዲዲቲ ሲፈልግ ነው። በዓሣ አገኘው፣ በንስር አገኘው፤ አልፎ ተርፎም በራሱ፣ በሚስቱና በሕፃን ልጁ ፀጉር ውስጥ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በካናዳ የሰሜን ኩቤክ ነገር ነው። በ1980ዎቹ የዚያ ቀዝቃዛ አገር ነባር ሕዝብ የሆኑት የኢኑይት እናቶች የጡት ወተት ሲመረመር ከደቡብ ኩቤክ እናቶች 5 እጥፍ ያህል ፒሲቢ ተገኘበት። እነዚያ ሴቶች ፋብሪካ አጠገብ አልኖሩም፤ የሚበሉት የባሕር እንስሳ ነው።

ጉዳቱን ጃፓኖች ያውቁታል። በ1968 የሩዝ ዘይት በሚመረትበት ቦታ ለማሞቂያ የሚዘዋወረው ፒሲቢ ሾልኮ ምግቡ ውስጥ ገባ። ዘይቱን የበሉ ሰዎች ፊታቸው በብጉር መሳይ ቁስል ተሸፈነ፣ ቆዳቸው የጠቆረ ሕፃናትም ተወለዱ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ በ2013 ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ጎራ መድቦታል።

እኛ ፒሲቢ አላመረትንም። በትራንስፎርመርና በካፓሲተር ሆድ ገብቶ ነው የመጣልን። ነገሩን ያወሳሰበው የወርክሾፕ አሠራር ነው። ያው የማጣሪያ ማሽን፣ ያው ጎማ፣ ዛሬ የአሮጌውን ዘይት ያጣራል፣ ነገ የአዲሱን። ማሽኑ ውስጥ የቀረው ወደ ንጹሑ ይሻገራል። ስለዚህ ትራንስፎርመሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ምንም ቢል ማረጋገጫ አይሆንም። አንዳንዶች ብርጭቆ ውሃ ላይ ጠብ አድርገው ከተንሳፈፈ ደህና ነው ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ንጹሕ ፒሲቢ ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል። ከተራ ዘይት ጋር በጥቂቱ የተቀላቀለው ግን ይንሳፈፋል። ዘይቱ ተበክሏል የሚባልበት ወሰን በኪሎ 50 ሚሊግራም ፒሲቢ ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ 9 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ይህን ዓይንም አፍንጫም አይለየውም። ክሎሪን መኖር አለመኖሩን በመስክ ኪት ማየት፣ ያጠራጠረውን ፒሲቢውን ለይቶ ወደሚለካው የላብራቶሪ መሣሪያ፣ ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፍ መላክ የግድ ነው።

ዘይቱ ከጨረታው በኋላ በጀሪካን ይቸረቸራል። ሰፈራችን ያለው በያጅ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው በእሱ ነው። ማሽኑ ሲግል ክዳኑን ከፍቶ በባዶ እጁ ይሞላዋል። "ማዘር፣ እሱ ከሌለ እኮ ይቃጠልብኛል" አለኝ። ከዚያ እጁን በቡትቶ ጠረግ አድርጎ ዳቦውን ቆረሰ። ምን ብዬ ልቆጣው? በአደባባይ የተሸጠ ዕቃ ነው የገዛው። መዳቡን ለማውጣት በዘይት የራሰውን ጥቅል ሜዳ ላይ የሚያቃጥሉትማ ይብሳሉ። ፒሲቢ በአግባቡ እንዲጠፋ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያለው ልዩ ማቃጠያ ይፈልጋል፤ በተራ እሳት ዲዮክሲንና ፉራን የሚባሉ የባሱ መርዞች ይወጡታል።

ኢትዮጵያ በእኛ አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ስምምነቱ ፒሲቢ ያለባቸው መሣሪያዎች እንደ ፈረንጆቹ እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ ዘይቱም እስከ 2028 በአግባቡ እንዲወገድ ጥረት ይደረግ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ከአገልግሎት የወጣ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጨረታ ላይ ይወጣል። ሳይመረመር ከተሸጠ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ የነበረው በየብየዳ ቤቱ ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይለቅመዋል?

ስለዚህ ሻጩ መሥሪያ ቤት ዘይቱን አስቀድሞ ያስመርምር፣ ውጤቱንም በቁጥር ማስታወቂያው ላይ ያስፍር። ከ50 ያለፈው አይሸጥ፣ ዘይቱም አይቀዳ፤ ትራንስፎርመሩ እንደታሸገ ተለይቶ ይቀመጥ። እናንተም ብትሆኑ "ከነዘይታቸው" የሚል ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ የምርመራውን ወረቀት ጠይቁ። ወረቀት የሌለው ማስታወቂያ ለሚቀጥለው እትም ቢተላለፍ ማንም አይጎዳም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የዘይት ላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ አዲስ አበባ