የደሴን የቤት አበባ የሚገድለው ጥማት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምት በመጣ ቁጥር ተራራ ላይ ስለሚተከለው ችግኝ በሰፊው ይጻፋል፤ መልካም ነው። መስኮት ሥር ስለተቀመጠው ግን ትዝ የሚለው የለም። በመስከረም የተገዛው አበባ ስንቱ ቤት ጥር ሳይብት ደጅ ይጣላል። አዲስ ጀማሪዎች ቢያነቡት ብለን ይህን ልከናል።

ቅጠሉ የጠወለገ አበባ ሁሉ «ውሃ ጠምቶት ነው» ይባልና ይጨመርለታል። ሥሩ የበሰበሰ ተክልም እኮ የሚጠወልገው እንደተጠማው ነው፤ የሚስብበት ሥር የለውማ! መለያው አፈሩ ነው። ጣትዎን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብተው ይዩ። ደረቅ ከሆነና አፈሩ ከመትከያው ጠርዝ ከተላቀቀ በእርግጥ ጠምቶታል፤ መትከያውን ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጦ ማንጠፍጠፍ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ፣ የታች ቅጠሎቹም ቢጫ ከሆኑ፣ ያመመው ሥሩ ነው።

ያኔ አውጥቶ ማየት ግድ ነው። መትከያውን ዘንበል አድርጎ ጎኑን መታ መታ እያደረጉ ከነአፈሩ ማውጣት እንጂ ግንዱን ይዞ መጎተት አይገባም። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ ይሸታል፣ ሳብ ሲያደርጉት ልጣጩ ተገፎ ቀጭን ክር ብቻ እጅ ላይ ይቀራል። ይህን ጤነኛው እስኪገኝ መቁረጥ ነው፤ መቀሱን አስቀድሞ በአልኮል፣ ከሌለም 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጦ መጥረግ። የሥሩ ግማሽ ከሄደ ቅጠሉም በዚያው ልክ ይቀነስ፤ የቀረው ሥር ሁሉንም ማጠጣት አይችልም። እሬት፣ ቁልቋልና ሰይፍ የመሰለ ቅጠል ያለው ሳንሴቪዬሪያ ቁስላቸው እንዲደርቅ ጥላ ላይ 2 ወይም 3 ቀን ይቆዩ፤ ሌሎቹ ወዲያው ይተከሉ።

ከጓሮ የተዛቀ ዋልካ አፈር ብቻውን ለመትከያ አይሆንም፤ ሲርስ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ ለግንባታ የሚሸጠው ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ 1 እጅ ሽታው እስኪጠፋ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀል። ከዋልካ ሌላ ካልተገኘ አሸዋው ከአፈሩ እኩል ይሁን። የቀለም ባልዲም ሆነ የተቆረጠ ጀሪካን ከታች መቀመጫው በጋለ ምስማር 5 ወይም 6 ቦታ ይበሳ። ከታች ጠጠር ማንጠፍ ቀዳዳን አይተካም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆማል። «ያድግበታል» ተብሎ ትልቅ ባልዲ መስጠትም ለታመመ ተክል አይበጅም፤ ከሥሩ በ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ሰፋ ያለ ይበቃዋል። ቀዳዳ በሌለው ጌጠኛ መትከያ ተክለው የሚሸጡ ነጋዴዎች ቢያንስ ለገዢው ቢናገሩ ምን ይጎዳቸዋል?

የቡና አተላ ሌላው መዘዝ ነው። ረከቦቱ ሲነሳ ጀበናው የሚለቀለቀው አበባው ላይ ነው። አተላው አፈሩ ላይ ተጋግሮ ይሻግታል፣ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦችም ይራቡበታል፤ እጫቸው ለጋ ሥር ይበላል። ከዚህ የከፋው «ይበረታል» ተብሎ የሚነሰነሰው ዩሪያ ነው። ለማሳ የተሠራና 46 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ ነው፤ በትንሽ መትከያ ውስጥ አንድ ቁንጥር እንኳ ሥር ያቃጥላል። የታመመ ተክል አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ምንም ማዳበሪያ አይሻም።

ከኮምቦልቻ ተገዝቶ የሐረጎን ዳገት የወጣ አበባ ደሴ ሲደርስ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል፤ ሙቀቱ በ4 ዲግሪ ያህል ይቀንስበታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅጠል ቢያራግፍ አይደንግጡ፣ ውሃም አይጨምሩ። ኮምቦልቻ ላይ በበጋ በየ4 ወይም 5 ቀኑ የሚጠጣ ተክል ደሴ በክረምት 10 ቀንና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ቀን ከመቁጠር ይልቅ ጣትን ማመን ይሻላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማታ ማታ ከመስኮቱ መስታወት ግማሽ ሜትር ይራቅ፤ ከቆላ የመጡት ዝርያዎች ከ10 ዲግሪ በታች ይጎዳሉ።

ብርሃኑም ይለዋወጣል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። በክረምት ደቡብ መስኮት ላይ ተመችቶት የከረመ አበባ በጥቅምት ቅጠሉ የሚያርረው ለዚህ ነው። ስስ መጋረጃ ይበቃዋል።

ኮምቦልቻ ላይ ደረቅ ሙቀት ሲበረታ ቅጠሉ ሥር ቀጭን ድር የሚሠሩ ጥቃቅን ተባዮች ይመጣሉ። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ የቅጠሉን ሆድ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ማጠብ ነው፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቅጠል ያቃጥላል።

ግንዱ ከሥሩ ከለሰለሰ ተክሉን ማዳን አይቻልም። ከላይ ጤነኛ ቅርንጫፍ ካለ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ከአንጓው (ቅጠል ከሚወጣበት መገጣጠሚያ) ሥር ቆርጦ፣ የታች ቅጠሎቹን አንስቶ፣ አንጓው ውሃ ውስጥ እንዲሆን ብርጭቆ ውስጥ ማቆም፤ ውሃውን በየ3 ቀኑ መቀየር። ሥሩ 3 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ ወደ አፈር ይዛወር፤ በደሴ ብርድ ይህ ከአንድ ወር በላይ ሊፈጅ ይችላል።

የችግኝ ባለሙያዎች
ከደሴ