ማሽኑ ያየው ቫይረሱን እንጂ ካንሰሩን አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግመን አነበብነው። ስለ ክትባቱ የጻፋችሁት ልክ ነው፤ የምንጨምርበት የለም። መሃል ላይ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ናሙናው ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑም በአንድ ሰዓት ውስጥ ካንሰር መኖር አለመኖሩን ይናገራል ትላለች። ከርዕሱ ሥር በትልልቅ ፊደል የወጣችውም እሷው ናት። ዘገባውን ሙሉውን ያላነበበ ሰው እንኳ እሷን ሳያያት አላለፈም።

እኛ የላቦራቶሪና የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ሥጋን በማይክሮስኮፕ የመመርመር ሙያ) ባለሙያዎች ነን። ያቺ ዓረፍተ ነገር ሳይንሱንም አዛብታለች፣ እኛንም እንደሌለን ቆጥራለች። የሁለቱም ስህተት ምንጭ አንድ ነው፤ ማሽን አፍ አውጥቶ ይናገራል ብሎ ማመን።

ከሳይንሱ እንጀምር። ማሽኑ ካንሰር አይፈልግም። የሚፈልገው ኤችፒቪ የምንለውን የሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ዘረመል ነው። ይህ ቫይረስ ከ200 በላይ ዓይነት አለው፤ ለካንሰር የሚያጋልጡት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ከእነሱም 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ በዓለም ላይ ከሚታየው የማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገባ ማለት ግን ካንሰር ያዘ ማለት አይደለም። ቫይረሱ ከሚይዛቸው 10 ሴቶች የ9ኙን ያህል ሰውነታቸው ራሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። ችግሩ የሚመጣው ሳይጠፋ ከቆየው ነው። እሱም ቢሆን ሴሎቹን ወደ ካንሰር ለማድረስ የመከላከል አቅማቸው ደህና በሆኑ ሴቶች ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ኤችአይቪ በደማቸው ኖሮ ሕክምና ባልጀመሩ ሴቶች ላይ ግን ጊዜው ወደ 5 እና 10 ዓመት ያጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት ሌሎች ሴቶች በ30 ዓመታቸው ምርመራ እንዲጀምሩ ሲመክር፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በ25 እንዲጀምሩ የሚለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት የደረሳት ሴት የእናንተን ዓረፍተ ነገር አንብባ ምን ትላለች? ካንሰር አለብኝ ትላለች። ፈርታ ትጠፋለች፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይም አትገኝም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌላው ነው። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ የምትደማ ሴት ኔጌቲቭ የሚል ወረቀት ይዛ፣ ማሽኑ ካንሰር የለም ብሏል ብላ ቤቷ ትቀመጣለች። ቅድመ ምርመራ ምልክት ለሌላቸው ሴቶች ነው። የምትደማ ሴት ወረቀቱ ምንም ይበል ምን፣ በሐኪም ዓይን መታየት አለባት። ይህን አንድ መስመር ብትጨምሩ ኖሮ ዘገባችሁ ሌላ ዘገባ ይሆን ነበር።

ፖዘቲቭ ከተባለ በኋላም ሥራ አለ። ጤና ባለሙያው የማህፀን በሩን ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ ቀብቶ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። ቸኩሎ በ20 ሰከንድ የተመለከተ ሰው ነጩን ለውጥ ላያየው ይችላል። ቅድመ ካንሰር የሚመስል ለውጥ ከታየና ሙሉ ዳርቻው የሚታይ ከሆነ፣ ከ100 ዲግሪ በላይ በሞቀ መሣሪያ ለ20 ወይም 30 ሰከንድ ይተኮሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው። ለውጡ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር ካለው ግን መተኮስ አይፈቀድም፤ ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እዚያ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ነው።

አሁን ወደ ናሙናው። ብሩሹ በቂ ሴል ካላነሳ፣ ወይም ያነሳው ሴል ማቆያ ፈሳሹ ውስጥ በደንብ ካልታጠበ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ባዶ ፈሳሽ ነው። ባዶ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ ቫይረስ የለም። ስለዚህ ቫይረሱን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ያንን ባዶ ጠርሙስ ኔጌቲቭ ብሎ ያሳልፈዋል። ጥሩ ምርመራዎች ከቫይረሱ ጎን የሰው ዘረመልም የሚፈልጉት ይህ እንዳይሆን ነው። የሰው ዘረመል ተገኝቶ ቫይረሱ ከታጣ፣ ያኔ ኔጌቲቭ ማለት ይቻላል። ሁለቱም ከታጡ ግን ውጤቱ ኢንቫሊድ ነው፤ ምንም አልታወቀም ማለት ነው። ብዙ ደም፣ ወፍራም ንፍጥ ወይም መሣሪያው ላይ የተቀባ ማለስለሻ ጄል ናሙናው ውስጥ ሲገባም ምርመራው ይታፈንና ያው ኢንቫሊድ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው አንድ ቃል ነው። ቃሉን አንብቦ፣ ይህቺ ሴት ትጠራና ናሙና እንደገና ትስጥ የሚለው ሰው ነው። ያ ሰው ሰንፎ ኢንቫሊዱን ኔጌቲቭ ብሎ ቢመዘግበው፣ ሴትየዋ ለሚቀጥሉት 5 ወይም 10 ዓመታት ነፃ ነሽ ተብላ ትሰናበታለች።

የተገላቢጦሹም አለ። ማሽኑ የሚጠቀምበት ፒሲአር የተባለው ዘዴ የሚሠራው ዘረመሉን በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ነው። አንዱ ከ10 ዙር በኋላ 1000 ያህል፣ ከ20 በኋላ 1 ሚሊዮን ያህል፣ ከ30 በኋላ 1 ቢሊዮን ያህል ይሆናል። ጉልበቱም አደጋውም ይኸው ነው። ከአንዱ ቱቦ በጓንት ጫፍ የተነካች፣ በዓይን የማትታይ ጠብታ ወደ ጎረቤት ቱቦ ከገባች ቫይረስ የሌለባት ሴት ፖዘቲቭ ትሆናለች። ካርትሪጅ በሚባል ዝግ ዕቃ የሚሠሩት መሣሪያዎች ይህን አደጋ ቀንሰውታል፤ ናሙናው ወደ ካርትሪጁ የሚገባበትን ቅጽበት ግን አልዘጉትም። ክፍት በሆነው አሠራር ደግሞ ኬሚካሉ የሚዘጋጅበት፣ ናሙናው የሚከፈትበትና ዘረመሉ የሚባዛበት ክፍል ለየብቻ ነው። ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ክፍል የተለበሰ ጋዋን ወደ መጀመሪያው አይመለስም። በየዙሩ ውሃ ብቻ የያዘ ቱቦ አብሮ ይገባል። ያ ውሃ ፖዘቲቭ ካለ የዚያ ዙር ውጤት አንዱም አይወጣም፤ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይደገማል። ጠረጴዛ በበረኪና ይጸዳል። ጓኒዲን የተባለ ኬሚካል ያለባቸውን ፈሳሾች ግን በበረኪና መጥረግ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ የትኛው ፈሳሽ የትኛው ቆሻሻ ዕቃ ውስጥ እንደሚገባ ማወቅም የሥራው አካል ነው። ማሽኑ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያደርግም።

ወደ ቁራጯ ሥጋ እንመለስ። ከማህፀን በር የምትወሰደው ናሙና ብዙ ጊዜ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም። ከሰውነት ከወጣችበት ቅጽበት ጀምሮ መፍረስ ትጀምራለች፤ ስለዚህ ወዲያው 10 በመቶ ወደሆነው፣ አሲድነቱ ወደተስተካከለው ፎርማሊን፣ ሥጋ እንዳይበሰብስ ወደሚያደርገው ፈሳሽ፣ መግባት አለባት። ፈሳሹ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ፎርማሊን ወደ ሥጋ ዘልቆ የሚገባው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ነው ትልቅ ዕጢ ሳይሰነጠቅ በጠባብ ዕቃ ታጭቆ ሲመጣ ውጪው ደርቆ ውስጡ በስብሶ የምናገኘው። የበሰበሰውን ደግሞ የዓለም ምርጥ ፓቶሎጂስት ቢመጣም አያነበውም። የጡት ካንሰር ናሙና ከሆነ፣ ከተወሰደ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ካልነካው፣ በፎርማሊን ውስጥም ከ6 ሰዓት ካነሰ ወይም ከ72 ሰዓት ካለፈ፣ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው ሐሰተኛ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። በዚያ ውጤት የተነሳ አንዲት ሴት የሚያድናትን መድኃኒት ትነፈጋለች።

ስሟ የሚጻፈው በዕቃው ገላ ላይ ነው፣ በክዳኑ ላይ አይደለም። ሁለት ክዳኖች ተከፍተው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ የትኛው የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? በስላይዱ፣ ሥጋው በሚለጠፍበት ብርጭቆ፣ ላይ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክርቢቶ ቀለም በአልኮሉና ዛይሊን በተባለው ኬሚካል ታጥቦ ይጠፋል። ከዚያ ሥጋዋ ውሃዋን በአልኮል፣ አልኮሉን በዛይሊን ለቅቃ የቀለጠ የፓራፊን ሰም ትጠጣለች። ሰሙ ውስጥ ስትቀመጥ አቀማመጧን የሚወስነው የባለሙያው መቆንጠጫ ነው። ላይኛው የሴል ድርድር በጎኑ ቆሞ መታየት አለበት። በተኛበት ከተቆረጠ፣ የተለወጡት ሴሎች ከሥራቸው ያለውን ስስ ሽፋን ሰብረው መውረድ አለመውረዳቸው አይለይም። ቅድመ ካንሰርን ከካንሰር የሚለየው ደግሞ እሱው ነው።

ሥጋዋን የያዘው የሰም ብሎክ በበረዶ ይቀዘቅዝና ማይክሮቶም በተባለው መቁረጫ ላይ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) በሆነ ውፍረት ይቆረጣል። ምላጩ ትንሽ ጥርስ ካወጣ ሥጋው ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር ይሰነጥቃል። የተቆረጠው ጥብጣብ ለብ ባለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ መጨማደዱ ሲለቅ ስላይድ ከሥር ገብቶ ቀስ ብሎ ያነሳዋል። ይህን ሥራ ባያችሁት! በአንድ ትንፋሽ ይበጣጠሳል። ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው ሲታለፍ የውሃው ገጽ በወረቀት ይገፈፋል። ካልተገፈፈ፣ ከቀደመው ታካሚ የቀረች የካንሰር ብጣሽ ተንሳፍፋ በሚቀጥለው ስላይድ ላይ ትለጠፋለች። ማህፀን የሚያስወጣ ስህተት ማለት ይህ ነው። እንዳይደርስ የሚያደርገው አንድ ቁራጭ ወረቀትና በየብሎኩ የማይሰለች እጅ ነው።

ተላላፊ በሽታና ካንሰር የሚገናኙት በኤችፒቪ ብቻ አይደለም፣ በምርመራ ጠረጴዛም ላይ ነው። አንገት ላይ ያበጠ ንፍፊት፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፦ ቲቢም ሊሆን ይችላል፣ ሊምፎማ የተባለው የንፍፊት ካንሰርም። ንፍፊቱ ሙሉ በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ከተጨመረ የቲቢው ባክቴሪያ ይሞታል፣ ካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ መለየት) አይሠራም፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው በካልቸር ማወቅም ይቀራል። ሁሉም ሳላይን በሚባለው የጨው ውሃ ከመጣ ደግሞ ሥጋው ይበላሻል። ስለዚህ ገና ከመነሻው ይከፈላል፦ አንዱ በንጹሕ ሳላይን ለካልቸር፣ ሌላው በፎርማሊን ለፓቶሎጂ። ካልቸሩ እስከ 6 ሳምንት ወይም 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ባክቴሪያው ራሱ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነውና። ላቦራቶሪው አዘገየው ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ብትጠይቁ ምን ነበረበት?

ቅሬታችንም እዚህ ላይ ነው። ውጤት ሲዘገይ ላቦራቶሪው ተብሎ እንጠራለን። ናሙና ሲጠፋ ላቦራቶሪው። ውጤቱ ሲያምርና ጥናቱ ሲወደስ ግን ስማችን ማሽኑ ይሆናል። ዘገባችሁ ሦስት ፎቶ አውጥቷል፤ መሣሪያው፣ ክትባቱና መድረክ ላይ የሚናገር ሰው። የሠራው እጅ የለም። ስለ ምርምር ስትጽፉ ቁጥሮች ታወጣላችሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. በስዊድን ታትሞ የወጣው ትልቅ ጥናት ከ17 ዓመታቸው በፊት የኤችፒቪ ክትባት የወሰዱት ላይ የማህፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። ደስ የሚል ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ግን ከካንሰር መዝገብ ይወጣል፣ መዝገቡም በዋናነት የሚሞላው በፓቶሎጂ ውጤት ነው። ስላይዱ ከተበላሸ ቁጥሩ ይበላሻል።

ይህ መዘለል ዛሬ አልተጀመረም። በ1963 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ከኡጋንዳ ወደ ለንደን የተላከ የዕጢ ናሙና በጉም ምክንያት አውሮፕላኑ ሌላ ከተማ ስላረፈ ዘግይቶ ደረሰ። ፈሳሹ ደፍርሶ ነበር፤ በባክቴሪያ ተበክሏል ተብሎ ሊጣል ይችል ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ድፍርሱ በሕይወት ያሉ የዕጢ ሴሎች ሆኖ ተገኘ። ከእነዚያ ሴሎች በሰው ካንሰር ውስጥ የመጀመሪያው ቫይረስ ታየ። በ1964 እ.ኤ.አ. ግኝቱን ያሳተሙት ሦስት ናቸው፦ ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር። ቫይረሱ ኤፕስታይን ባር ተባለ። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ባለሙያው የበርት አቾንግ ስም ቀረ።

የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሟት፣ እርማቱንም እሷ በወጣችበት ቦታና መጠን አውጡት። እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉት ልክ ይሆናል፦ «ምርመራው የኤችፒቪ ዘረመል መኖሩን ያሳያል፤ ካንሰር መኖሩን አያሳይም። ፖዘቲቭ የሆነች ሴት ለተጨማሪ ምርመራ ትቀጠራለች። ደም የሚፈስሳት ሴት ውጤቷ ኔጌቲቭ ቢሆንም ሐኪም ጋ ትሂድ። ናሙናውን የሚያዘጋጁት፣ የሚመረምሩትና ውጤቱን የሚያረጋግጡት የላቦራቶሪና የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ናቸው።»

ከአክብሮት ጋር፣
የላቦራቶሪና የፓቶሎጂ ባለሙያዎች