የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚበላሸው 1ኛ ክፍል ነው

ውድ አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገሩ ሁሉ ስለ ትምህርት ጥራት ያወራል። ሁለት ሳምንት ይወራል፣ ከዚያ ይረሳል። ሰሞኑን ግን ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ፌስቡክ ላይም ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ነገር አላስቀመጥ አለኝ። «ነጻ ስለሆነ ነው የረከሰው፣ ትንሽም ቢሆን ይከፈልበት» ይላሉ። እኔ አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤት ታችኛው ክፍል 17 ዓመት ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። ይህ አባባል ያስፈራኛል።

ክፍያ ቢመጣ ማን እንደሚቀር አውቃለሁ። እናቷ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጠው ልጅ ትቀራለች። አባቱ የቀን ሥራ ካገኘ እራት የሚበላው ልጅ ይቀራል። ከአንድ ቤት ሁለት ልጅ ካለ ደግሞ ቀድማ የምትቀረው ሴቷ ናት። ምገባ ሳይጀመር በፊት ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ዴስኩ ላይ ድፍት የሚሉ ልጆች ነበሩኝ። እንቅልፋሞች ይመስሉኝ ነበር። ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት መብላት ሲጀምሩ እነዚያው ልጆች እጅ እያወጡ አስቸገሩኝ። እና አሁን ይከፈል ስትሉ እነዚህን ልጆች ነው ወደ ቤት መልሱ የምትሉኝ።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ነጻ ሲል በአንደኛ ደረጃ የነበሩት ልጆች 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከ25 ዓመት በኋላ ወደ 20 ሚሊዮን ደረሱ። ይህን ያህል ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም፣ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ችግሩ ልጁ በአንድ መስከረም ይመጣል፣ መምህር ግን በአንድ መስከረም አይወጣም። ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ያዩት ይህንኑ ነው። ማላዊ በፈረንጆቹ 1994 ክፍያ ስታነሳ ከ2 ሚሊዮን በታች የነበረው ተማሪ 3 ሚሊዮን አካባቢ ገባ። ዩጋንዳ በ1997፣ ኬንያ በ2003 ተከተሉ። ኬንያ ውስጥ የ84 ዓመት አዛውንት ሳይቀሩ ዩኒፎርም ለብሰው 1ኛ ክፍል ገብተዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል፣ ሰው ፊደልን ምን ያህል እንደሚራብ ያሳያልና። ግን እዚያም ክፍሉ ሞላ፣ መምህሩ አነሰ።

አሁን ወደ እኔ ክፍል ልውሰዳችሁ። 66 ልጆች አሉኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር ለማየት ግማሽ ደቂቃ ብቻ ብሰጥ 33 ደቂቃ ሄደ። ለማስተማር 7 ደቂቃ ተረፈኝ፣ ስም መጥራቱንና የሚጣሉትን ማስታረቁን ሳልቆጥር። ስለዚህ ምን አደርጋለሁ? ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይገለብጣሉ። በኅብረት «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እንላለን። ድምፃችን ግቢውን ያናውጠዋል፣ በመስኮት የሚያልፍ ሱፐርቫይዘር ትምህርት እየተካሄደ ነው ብሎ ይሄዳል። ከ66ቱ ማን እንደሚያነብ፣ ማን የጓደኛውን አፍ እያየ እንደሚከተል ግን አላውቅም።

አንድ ዓመት 3ኛ ክፍል ስይዝ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ደብተሯ ንጹሕ ነው፣ ጽሑፏ ያምራል። አንብቢ ስላት ስለ ጥንቸሏ የሚለውን ምንባብ ያለ አንዳች እንከን አወረደችው። ደስ አለኝ። ከዚያ ምን እንዳሳሰበኝ እንጃ፣ ሥዕሉን በመዳፌ ሸፈንኩና መሐል ላይ ያለች አንዲት ቃል በጣቴ አሳየኋት። ዝም አለች። ሌላ አሳየኋት። አሁንም ዝም። ገጹን በቃሏ ነበር የያዘችው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰሌዳውን ጽሑፍ እንደ ሥዕል ስትስል ነው የኖረችው። አንድም ሰው አላወቀባትም፣ እኔም ጭምር። ለዓመታት በነበረው አሠራር ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ አይወድቅም፣ መምህሩ በየጊዜው እየመዘነ ያግዘዋል ተብሎ። 66 ልጅ እንዴት ይመዘናል?

የኔታ ዘንድ እኮ ልጅ ሀሁን ሳይለይ ወደ አቡጊዳ አይሻገርም። አንድ በአንድ ነው የሚሰማው፣ የኔታ ባይደርሱለት እንኳ ትልቁ ተማሪ ቁጭ ብሎ ያስቆጥረዋል። ዱላው ይቅርብን፣ ያንን አንድ በአንድ መስማት ግን ለምን ጣልነው?

የእኔ ተማሪ ብቻዋን አይደለችም። በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም፣ ያውም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከተፈተኑት ልጆች ግማሹን ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እነዚህ ተፈታኞች በጥናቱ ከተፈተሹት የ2ኛ ክፍል ልጆች ቢያንሱ በሁለት ክፍል ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ደነገጠ። እኔ ግን እነዚያን ልጆች በትንሽነታቸው አውቃቸዋለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። በየትምህርት ቤቱ ድልድል ሲወጣ 1ኛ ክፍል ማንም የማይፈልገው ነው። አዲስ የመጣ መምህር ይሰጠዋል፣ ወይም ከርዕሰ መምህሩ ጋር ያልተስማማ። ጎበዝ የተባለው 8ኛ ክፍል ይላካል፣ ሚኒስትሪ ስላለ፣ የትምህርት ቤቱ ስም የሚጠራው በዚያ ስለሆነ። በፊት በ10ኛ ክፍል ውጤታቸው መሰናዶ ያልገቡት ነበሩ ወደ መምህራን ኮሌጅ የሚላኩት። እኔም በዚያው በር የገባሁ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ልጆቹ ላይ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሳስብ ያንገበግበኛል።

የመጽሐፍም ጉዳይ አለ። በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ታትሞ አልደረሰም። እኔ ስልኬ ላይ ጭኜ ወደ ሰሌዳ እገለብጥ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ጣቱን የሚያሳርፍበት ወረቀት ሳይኖረው ንባብ ተማረ ማለት ዋና በደረቅ መሬት እንደማስተማር ነው።

ስለዚህ ክፍያውን ተዉት። ገንዘብ ከተገኘ ታች ይውረድ። በጣም የተመሰከረለት መምህር 1ኛ ክፍል ይግባ፣ ለዚያም የተለየ አበል ይከፈለው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ባለው ክፍል ከ40 ልጅ በላይ አይታጨቅ። ክፍል ከሌለ በፈረቃ ይሁን፣ እሱ ይሻላል። መጽሐፍ ለአንድ ልጅ አንድ። ጥር ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ያላየውን ምንባብ ለአንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። ያላነበበው አይውደቅ፣ ግን ይታወቅ። ከሰዓት ሰብስበን እናስቆጥረዋለን። ይህን የምለው ስላየሁት ነው። ያቺን ልጅ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ አስቀምጬ ከ«ሀ» ጀመርን። አራት ወር ፈጀ። አንድ ቀን ከግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የንጽሕና ማስታወቂያ ማንም ሳያዛት ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ዞር ብላ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሁልጊዜ እዚህ ነበር» አለችኝ።

ወላጆች፣ ነሐሴ መጨረሻ ልጃችሁን ስታስመዘግቡ ርዕሰ መምህሩን ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። 1ኛ ክፍልን ማን ይዞታል? ስንት ልጅ ይገባበታል? መጽሐፉስ ደርሷል?

አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት
ከአዲስ አበባ